ኦርጋን የበላው ፖስታ

ሰው ቤት ገብታችሁ አቧራ የለበሰ ነገር ብታዩ፣ እባካችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ኪስ የሌለው ቀሚስ የለበሳችሁ ደግሞ ውጡና ሂዱ።

እኔን እንዲህ ብሎ የመከረኝ ሰው የለም። ቢመክረኝም አልሰማም ነበር። እናቴ «የአንች እጅ ካንች ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው» ትለኛለች፤ ትክክል ናት። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አላገኘሁም፤ ቢገኝም ቁጭ አልልም። ሰው ሲያወራኝ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተሳፍሬ የፊቱን መስታወት ከኋላ ተንጠራርቼ ስጠርግ፣ ሹፌሩ «እህቴ፣ መስታወቱስ ጠራ፤ መንገዱን በክንድሽ ጋረድሽው እንጂ» ብሎኛል።

እናማ የአጎቴ ልጅ ትርንጎ ልትዳር ሳምንት ሲቀራት፣ ለድግሱ እንዳግዝ ከጎብዬ ቆቦ ተላክሁ። ማነው የላከኝ እንዳትሉኝ። እናቴ ናት፤ ከቤት ስወጣላት ደስ ይላታል።

አጎቴ ጋሼ ሞላ ዛሬ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ፣ ከቦቲ ጫማቸው ላይ ጭቃ የማይጠፋ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ግን ደሴ ውስጥ የአንድ ሆቴል ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ኦርጋን ያልኩት እኔ ነኝ። እኛ ነጭና ጥቁር ጥርስ ያለውን ነገር ሁሉ ኦርጋን ነው የምንለው። እሳቸው ፊት እንዲህ ካላችሁ ግን ምሳ አትበሉም።

«ሲንተሳይዘር!» ይላሉ ተቆጥተው። «አናሎግ ሲንተሳይዘር! ኦርጋን የተሰጠውን ድምፅ ያወጣል። ይች ግን ከኤሌክትሪክ ላይ ድምፅ ትጠርባለች፤ እንጨት ጠራቢ ማንኪያ እንደሚያወጣው።»

ማሽኗ እልፍኙ ውስጥ፣ ከማዳበሪያው ጆንያ አጠገብ ትቀመጣለች። እንግዳ ሲገባ ውሃ ሳይጠጣ የእሷን የዘር ሐረግ ይሰማል። የራያ ሽማግሌ ሰባት ቤት ሲቆጥር ሰምታችሁ ይሆናል፤ ጋሼ ሞላ የሚቆጥሩት የሽቦ ዘር ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ይላሉ፣ የዚች ቅድመ አያት ግድግዳ ታክል ነበር። እንደ ድሮ ስልክ ቤት ሽቦው ከዚህ ተነቅሎ እዚያ ሲሰካ ነው ድምፅ የሚወጣው። ይሄን የሠራው አንድ አሜሪካዊ ነው፤ ስሙን አይጠሩትም፣ «ባለሽቦው» ነው የሚሉት፣ ልክ ውሃ የሚጋሩት የመስኖ ጎረቤታቸው ይመስል። በዚያው ጊዜ ከዚያው አገር ሌላኛው ጫፍ ላይ ሌላ ሰው ተነሳና የራሱን ሠራ፤ ይሄኛው ግን ነጭና ጥቁር ጥርስ አላስገባም ብሎ እምቢ አለ። አዲስ ድምፅ በአሮጌ ጣት አይነካም ባይ ነው። እሱ «እልኸኛው» ይባላል። ቀጥሎ እንግሊዞች በሻንጣ የሚያዝ ሠሩ። ባለሽቦውም ተናዶ ይሁን ደክሞት፣ ግድግዳውን አሳጥሮ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አደረጋት። በመጨረሻ ጃፓኖች መጡ፤ አሳነሷት፣ አበዟት፣ አረከሷት። ደሴ የደረሰችው በእነሱ በኩል ነው።

የጋሼ ሞላ ባለቤት እትዬ ወርቄ ይሄን ታሪክ ሽንኩርት እየላጡ ስንት ዘመን ሰምተውታል። እንባቸው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የመጣሁ ቀን ታሪኩ እልኸኛው ላይ ሲደርስ ቀና አሉና፣

«ሚስት ነበረችው እንዴ?» አሉ።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ ጋሼ ሞላ።

«ካለችው እመብርሃን ትርዳት።»

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ይች ማሽን ማስታወስ አትችልም። ያሁኖቹ ኪቦርዶች ቁጥር ስትጫኗቸው ዋሽንት ይሆናሉ፣ ሌላ ቁጥር ስትጫኗቸው መለከት ይሆናሉ። እሷ ግን ያላት ማዞሪያ ብቻ ነው፤ እንደ ሬዲዮ ማዞሪያ ያለ፣ ግንባሯ ላይ በሙሉ የተደረደረ። አንድ ድምፅ የሚኖረው ማዞሪያዎቹ በቆሙበት እስከቆሙ ድረስ ነው። አንዱ ፈቀቅ ካለ ድምፁ ሞተ፤ አይመዘገብ፣ አይቀመጥ። ለዚህም ነው ማስታወስ የሚችሉት ዲጂታሎች ሲመጡ ዓለም በሙሉ እነዚህን አውጥቶ የጣላቸው። የደሴው ባንድም አዲስ ገዛና አሮጌዋን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ጋሼ ሞላ በጭነት መኪና ላይ ጭነው፣ አቅፈዋት ቆቦ ገቡ። እትዬ ወርቄ እንደሚሉት እሳቸውን ሲያገቡ እንደዚያ አላቀፏቸውም።

ትርንጎ የተወለደች ቀን ጋሼ ሞላ ጭንቀታቸውን ለመርሳት ማዞሪያ ሲያዞሩ፣ ሲያዞሩ፣ አንድ ድምፅ መጣ። እሱ ሲመጣ ሕፃኗ አለቀሰች። በቃ። «ይሄ የእሷ ድምፅ ነው፤ እስክትዳር ማዞሪያ አልነካም፤ ስትዳር በዚሁ እሸኛታለሁ» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ ጥርሶቹን እንጂ ማዞሪያዎቹን ነክተው አያውቁም። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ሰው እህሉን ሲቀብር እሳቸው ማሽኗን ጭድ ውስጥ ቀበሯት፤ እያንዳንዷን ማዞሪያ ካለችበት እንዳትነቃነቅ በፕላስተር አስረው።

እኔ ግን የማዞሪያዎቹንና የመሐላውን ነገር የሰማሁት ከጠረግሁ በኋላ ነው።

የመጣሁ ማግስት ጠዋት፣ ጋሼ ሞላ ማሳ፣ እትዬ ወርቄና ትርንጎ ገበያ ወርደው ቤቱን ለብቻዬ አገኘሁት። አስቡት፤ እኔ፣ ጨርቅ፣ ኦሞ፣ ባዶ ቤት። ወለሉን ጨረስኩ። መስኮቱን ጨረስኩ። ከዚያ ማሽኗን አየኋት። አቧራዋ በጣት ሊጻፍበት የሚችል ነው። ማዞሪያዎቿ ላይ የደረቀ፣ የጠቆረ፣ የሰለለ ፕላስተር ተጣብቋል። «ኧረ በማርያም! ሙሽራ በሚወጣበት ቤት!» አልኩና ፕላስተሩን በጥፍሬ ፋቅሁት። ጀርባዋን ገልብጬ በቀዳዳዎቿ አቧራውን እፍ አልኩት፤ አንድ ቁና ያህል ወጣ። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ በኦሞ አጥቤ መለስኳቸው። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ተንጋዶ ነበር። ምን ዓይነት አቀማመጥ ነው ይሄ? ሁሉንም ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ አሰለፍኳቸው፤ ባንዲራ እንደሚሰቅል ተማሪ።

ጋሼ ሞላ ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ልመሰገን ነው እኮ!

ማሽኗን አዩ። ቦቲያቸውን ሳያወልቁ፣ ያጠብሁት ወለል ላይ ጭቃ እያተሙ ሄደው ተቀመጡ። ሰኩ፣ አበሩ፣ አንድ ጥርስ ተጫኑ።

«ጥዝዝዝዝ» አለች። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ።

«ማነው የነካት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ! አዲስ አልመሰለችም?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቆባቸውን አወለቁ፣ ሰው እንደሞተበት ሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ትርንጎ ከገበያ ገብታ ስታያቸው ዘንቢሉን ጣለች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ድምፅሽ» አሏት።

በዚያን ዕለት ማታ ጋሼ ሞላ ራት አልበሉም። በማግስቱም ቁርስ እምቢ አሉ። እትዬ ወርቄ ጠሩኝና «አንች ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ እንዲህ ሆኖ ልጄን አይድርም። ያጠፋሽውን ድምፅ ፈልገሽ አምጭ» አሉኝ። ድምፅ የት ይፈለጋል? ቅቤ ቢሆን እገዛ ነበር።

ጋሼ ሞላን ለመንኳቸው። «አንቱ ያውቁታል፤ ትንሽ አዞር አዞር አድርገው ይመልሱት።»

«እኔ አልነካም ብዬ ምያለሁ» አሉ። «እስክትዳር ነው ያልኩት። አልተዳረችም። አንች ነክተሻል፤ አንችው መልሽ።»

«እሽ፣ ምን ዓይነት ነበር?»

አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። «በአፍ አይወጣም።»

ጎረቤት ጠየቅሁ። ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ለግድግዳ ሲሰሙት ኖረዋል፣ አይደል? አንዷ «እንደ ወፍጮ ቤት ቀበቶ ነው፤ ውውውው» አለችኝ። ባሏ «ዝም በይ፣ እንደ ንብ ነው» አላት። ተጣሉ፤ ትቻቸው ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ግመል ስትጫን የምታሰማው ነው፤ ቁርጥ እሱን» ብለው ማሉልኝ። ዕለቱ ደግሞ የዋናው ገበያ ቀን ነበር። አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ካወረዱበት ሄጄ የአንዷን ጩኸት በስልኬ ቀዳሁ፤ ባለቤቷ «ልትገዢያት ነው ወይስ ልታገቢያት?» እያለ ሲስቅብኝ። ሮጬ መጥቼ ለጋሼ ሞላ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይሄ ግመል ነው» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ግን ይቀራረባል?»

«ግመል ነው።»

ከዚያ ነው ማዞሪያዎቹን መማር የጀመርኩት። ጋሼ ሞላ ከእያንዳንዷ በታች በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ደግነቱ እሱን አልፋቅሁትም። ሁለቱ «ሞገድ አንድ» እና «ሞገድ ሁለት» ናቸው፤ ድምፁ የሚፈልቀው ከእነሱ ነው። ቀጥሎ «ፊልትሮ» አለ፤ ድምፁን የሚያጣራው። የመጨረሻዎቹ ላይ ግን «ፖስታ» ተብሎ ተጽፏል።

«ፖስታ ምንድን ነው ጋሼ? ደብዳቤ ትልካለች እንዴ?»

«ማሽኗ ላይ ኤንቨሎፕ ነው የሚለው። መዝገበ ቃላት አየሁ፤ ፖስታ ይላል። አንድ ድምፅ ስትነኪው ቶሎ ይከፈታል ወይስ እየዘገየ? ሲያልቅ ቁርጥ ይላል ወይስ እየተሳበ? እሱን የሚወስነው ፖስታው ነው።»

እኔ ማዞሪያ ላይ፣ እሳቸው ጥርስ ላይ ሆነን ጀመርን። «ፊልትሮው ይከፈት… በዛ… ፖስታው ይርዘም… አይ!» እንዲህ ስንል ዋልን። ፊልትሮው እምቢ ሲለን መካኒኩ ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ መንገድ ዳር የአይሱዙ ሞተር የሚፈታ የትርንጎ የክፍል ጓደኛ ነው።

«ፊልትሮ ነው ያልሽኝ?» አለ ቁልፎቹን ይዞ እየገባ። «አብሽሪ! ፊልትሮ ከሆነ የእኔ ነው።»

የማሽኗን ጀርባ ፈታው። አንገቱን አስግጎ ውስጧን ፈተሸ። «ዘይቱ በየት ነው የሚገባው?» አለ በመጨረሻ።

«ሰይድ፣ ዘይት የላትም።»

«ወላሂ፣ ዘይት የሌለው ነገር ፊልትሮ አያስፈልገውም» ብሎ ተነሳ። ብሎኖቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የማሽኗ ጀርባ እንደ ተከፈተ አፍ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ጋሼ ሞላ ድንገት እጃቸውን አነሱ። «ቀረበች! አትንኪ! እንዳትተነፍሽ!» እኔም አልተነፈስሁም። እትዬ ወርቄ ከጓዳ ብቅ አሉ። ተቃርበን ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን ማንም ሳይነካት ድምፁ ተንሸራቶ ሄደ፤ እንደ ባጃጅ ቁልቁለት ላይ።

«ሙቀቱ ነው» አሉ ጋሼ ሞላ፣ ሰው ስለ ዘመዱ ሕመም እንደሚያወራ። «የዚች ዘር ሁሉ እንዲህ ነው። ሲሞቃት ሞገዶቿ ይንሸራተታሉ። ባለሽቦውም፣ እልኸኛውም፣ ጃፓኑም ይሄን ነገር ለመከላከል ስንት ለፍተዋል። እነሱን በብርድ አገር የመድረክ መብራት አሸንፏቸዋል። ቆቦን ቢያዩማ ሽንኩርት ይተክሉ ነበር።»

እናም ለሰርጉ ዕለት ተዘጋጀን። ዳሱ ተጣለ። ከጎብዬ ድምፅ ማጉያና ማይክ ተከራየን። ቤቱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ አንድ ነው፤ እሱም ዳሱ ውስጥ ከማሽኗ ኋላ፣ ሰይድ ክፍት በተወው ጀርባዋ ልክ ተተከለ። የሰፈር ሴቶችም እርጥብ ጨርቅና ሰፌድ ይዘው ዙሪያዋን ቆሙ። ከጎናቸው ትርንጎ በነጭ ቀሚስ ውስጥ ትቀልጣለች፤ ፊቷ ላይ የተቀባችው ወደ አንገቷ ወርዷል።

«አባዬ» አለች፣ «የምዳረው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«አንች ታግሰሽ ታውቂያለሽ፤ እሷ አታውቅም» አሏት።

ሙሽራው ሲሳይና ሰዎቹ ከዋጃ በሚኒባስ መጡ። ፊት ፊት የሚመሩት አጎቱ ጋሽ ፈንታው ናቸው። ጋሽ ፈንታው ሲገቡ ሰው ሁሉ እንዲነሳላቸው ይፈልጋሉ፤ ካልተነሳላቸው ወጥተው እንደገና ይገባሉ። ሁለት ጊዜ ገቡ።

ሰው ተቀመጠ፤ መብል ቀረበ። ጋሼ ሞላ ኮታቸውን ለብሰው ማሽኗ ፊት ተቀመጡ። እኔ ማዞሪያዎቹ አጠገብ ቆምሁ። ሐሳቡ ሙሽሮቹ እንደገቡ ድምፁ እንዲቀበላቸው ነበር፤ እኛ ግን ገና ፍለጋ ላይ ነን። ማጉያው እየጮኸ ስለሆነ አንሰማማም። ማይኩ አፋቸው ሥር ክፍት መሆኑን ጋሼ ሞላም አላወቁ፣ እኔም አላየሁ።

አንድ ጥርስ ነኩ። ድምፁ እየተጎተተ መጣ። ጋሼ ሞላ ወደ እኔ ጮኹ፣ ማጉያው ደግሞ ለቆቦ በሙሉ አስተላለፈው፦

«ፖስታው ዘገየ!»

ዳሱ ውስጥ ጎድን ይዘው የነበሩ አንድ ሰውዬ ጎድኑን ሳህኑ ላይ መለሱት።

እኔ አዞርሁ። ጋሼ ሞላ እንደገና ነኩ። «ምነው? አሁንም አጭር ነው እኮ! ፖስታው ወፈር ይበል!» ድምፁ እንዲወፍር ነው፤ እግዜር ያሳያችሁ። «ባዶ ነው! ምንም የለበትም!»

የሙሽራው ወገን እርስ በርስ ተያየ። ጋሽ ፈንታው አፋቸው ውስጥ ያለውን ዋጡ። «ወዳጄ ሞላ» አሉ ከተቀመጡበት፣ «ገና አንድ ጉርሻ አልዋጥንም እኮ!»

ጋሼ ሞላ በደንብ አልሰሙም። ስለ ዜማው አገባብ የተነገራቸው መሰላቸው። «ልክ ነህ ወንድሜ!» አሉ በማይኩ። «ከመብላታችሁ በፊት ነበር መግባት የነበረበት!»

በዚህ ጊዜ ነው እኔ የገባኝ። ሰርግ ላይ ፖስታ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲወጣ ብር አጥፎ፣ ስሙን ጽፎ ለሙሽራ የሚያኖረው። የሙሽራዪቱ አባት በማይክ «ፖስታው ዘገየ፣ ባዶ ነው» ሲሉ እኮ ነው! እጄን እያወናጨፍሁ ወደ ሰው ዞርሁ፦

«ኧረ ፖስታ ማለት የድምፁ ፖስታ ነው! የድምፁ!»

«ምን አለች?» አሉ አንዲት እናት።

«ድምፃችሁን አጥፉና ፖስታ አምጡ ነው የምትለው» አለቻቸው አጠገባቸው ያለችው።

እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትርንጎ «አባዬ! አባዬ!» ትላለች፤ አባቷ ግን ዓይናቸው ማዞሪያው ላይ ነው። ሲሳይ ምስኪኑ የገዛ ሰርጉ ላይ የጠፋ ልጅ መሰለ። ከዋጃ ወገን አንዱ «እንሂድ!» አለ። ሌላው «ልጅቷን ይዘን ወይስ ትተን?» ብሎ ጠየቀ። ጉዳዩ የቀልድ አይደለም፤ በእኔ ጨርቅና ኦሞ ምክንያት የትርንጎ ትዳር በአምሮት ሊቀር ነው።

ያኔ ጋሽ ፈንታው ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩት። «አንሄድም!» አሉ። «እንዲህ ከተባልንማ! የዋጃ ሰው ፖስታ አያጣም!» ከኮታቸው ኪስ ስማቸው በትልቁ የተጻፈበት ፖስታ አወጡ፣ ከፍ አድርገው ለግራ አሳዩ፣ ለቀኝ አሳዩ፣ ወደ እኛ ገሰገሱ። «የት ነው የሚገባው?»

ጋሼ ሞላ ማዞሪያዋን እየጠቆሙ ወደ እኔ እየጮኹ ነበር፦ «እዚህ ጋ! እዚች ላይ ነው ፖስታው!»

ጋሽ ፈንታው በኋላ በኩል ዞሩ። ክፍት የሆነውን የማሽኗን ጀርባ አዩ። ሙዳየ ምጽዋት ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ፖስታቸውን ሰደዱት። እሳቸውን ያየ ተነሳ። የዋጃ ሰው ሲነሳ የቆቦ ሰው ይቀራል እንዴ? የእኛ ወገን በእልህ ተግተልትሎ መጣ። ሰይድ ሳይቀር እጁን ጠርጎ፣ ፖስታ ከሰው ተበድሮ ከተተ። ማሽኗ ፖስታ እየዋጠች «ግርርር» ትላለች። እኔ «አትክተቱ! ኤሌክትሪክ ነው!» እላለሁ፤ «ሞባይል ባንኪንግ አይሆንም ማለት ነው?» ይለኛል አንዱ።

ከዚያ ዝንቡ ከጠርሙሱ ወጣ።

እንዴት ልንገራችሁ? ሁለት ሰዎች አንድ ዜማ ሲያንጎራጉሩ፣ አንደኛው ለጥቂት ወደ ኋላ ቀረት እያለ፣ እየደረሰበት፣ እንደገና እየቀረ። እንደዚያ። ወፍጮም ነው፣ ንብም ነው፤ ግመልም አለበት፣ ሽማግሌው አልዋሹም። ጋሼ ሞላ ጣታቸው ጥርሱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እሷ ናት» አሉ።

እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ትርንጎ አለቀሰች፤ እንደ ተወለደች ቀን ይሁን በሌላ ምክንያት እኔ አላውቅም፣ ኩሏ ግን አገጯ ደረሰ። ጋሼ ሞላ ተጫወቱ። ጋሽ ፈንታው ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ትከሻቸው ሳያስፈቅዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በቃ፣ የሁለቱም ወገን ሰው ዳሱን አቧራ አደረገው። ልጅቷ በድምፅዋ ተሸኘች። የሰርጉ ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም እፎይ ባልኩ።

የትርንጎና የሲሳይ ፖስታ ግን ማሽኗ ሆድ ውስጥ ነው። ጋሼ ሞላ ደግሞ ማሽኗን ወደ እልፍኙ በእርግብ እርምጃ አስገብተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። «ማንም አይነካትም! ከፖስታዎቹ አንዱ ነው ድምፁን ያመጣው። ምናልባት ማራገቢያው ሞገድ ሁለትን እንዳያበርዳት ጋርዷት ይሆናል። ለካ ያን ሁሉ ዘመን አቧራው ነበር የሚያለብሳት!» ብለው ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ።

የመልስ ዕለት ሙሽሮቹ ከነሰዎቻቸው መጡ። ትርንጎ ሠላምታ እንኳን ሳትጨርስ እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ ቁልፉን።»

«ድምፅሽ ነው እኮ ልጄ!»

«ድምፄን እወደዋለሁ። ዋጃ ግን እሳት ናት፤ በፖስታው ፍሪጅ ልንገዛ ነው። ድምፄ ውሃ ያቀዘቅዝልኛል?»

ለረዥም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ የእትዬ ወርቄ ፍርድ ጸደቀ፦ ጋሼ ሞላ አንድ ጥርስ ተጭነው ድምፁን ይይዛሉ፤ ማራገቢያው ይነፍሳል፤ ትርንጎ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ታወጣለች። እኔ? እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ግድግዳ ሥር እንድቆም ተፈረደብኝ።

አንዱን ሳበች። ድምፁ አለ። ጋሼ ሞላ ተነፈሱ። ሌላ ሳበች፤ አለ። የሰይድን ሳበች፤ ግራሶ ነክቶታል፤ ድምፁ አለ። ሲሳይ ጭኑ ላይ ይደረድራል። የማሽኗ ሆድ ባዶ ወደ መሆን ሲደርስ፣ ከታች ሽቦ ላይ ተጋድሞ የቀረ አንድ ፖስታ ሳበች።

«ጥዝዝዝዝ።»

«መልሺው!» ሁላችንም ጮኽን። መለሰችው። ሁለቱ ሰዎች ማንጎራጎር ጀመሩ። እንደገና አወጣችው፤ ዝንብ። ጋሼ ሞላ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ትርንጎ ፖስታውን ይዛ አባቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ፖስታውን በጣቶቿ መካከል ዳሰሰችው። ፊቷ ተለወጠ። ወደ መስኮቱ ሄዳ ለብርሃን ያዘችው። እኛም ተጠግተን አየን።

ፀሐይዋ ወዲያ ማዶ ድረስ ጥርት ብላ ታየች። ውስጡ ምንም የለም። ላዩ ላይ፣ በትልቁ፣ «ፈንታው» ይላል።

ትርንጎ ሳቋን በጥርሷ ነክሳ፣ ፖስታውን ከነበረበት ሽቦ ላይ በጥንቃቄ አስተኛችው። «ይሄንን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ አባዬ» አለች። ልክ በዚያ ቅጽበት በሩ ተከፈተና ጋሽ ፈንታው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልንላቸው፤ በአንድ ጊዜ።

ሲሳይ ጭን ላይ የተደረደረውን አዩ። በዓይናቸው ፈለጉ።

«የእኔ አልወጣም እንዴ?»

ሌላው ሁሉ ወለሉን ሲያይ፣ ምላሴ እንደ እጄ ነው፣ ቀደመኝ። «የእርስዎማ አይወጣም ጋሽ ፈንታው። የእርስዎ ሲወጣ ማሽኗ ትሞታለች።»

«አትይኝም!» ደረታቸው ተነፋ፤ አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ለጋሼ ሞላ በእጃቸው «ቀጥል» አሏቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን እየወዘወዙ ለረዥም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

«ይሄ ሁሉ እንግዲህ ከእኔ ፖስታ ውስጥ የወጣ ነው?»

«ሌላ ምንም አልወጣበትም» አልኳቸው። ማርያምን፣ አልዋሸሁም።